አየሩን በልክ ቁጥር አትግዙ፦ ከገበያ በተገዛ ፓተርን የሙቀት ልብስን ቤት ውስጥ ስለመስፋት

(ይህ ልብስ መስፋት ለጀመሩና ሊጀምሩ ላሰቡ ሰዎች ያደረግኩት ንግግር ነው። ስናገር የደጋገምኩትን አውጥቼ፣ መጨረሻ ላይ የተጠየቅኩትን ጨምሬ ጽፌዋለሁ።)

እንደምን ዋላችሁ። ወንበር ያላገኛችሁ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጡ፣ የሚቆጣ የለም።

ዛሬ የማወራው ስለ አየር ነው። ስለ ጨርቅም ስለ መርፌም አነሳለሁ፣ ግን ሁሉም ዞሮ ዞሮ እዚያው ይመጣል። በሙቀት ጊዜ የለበስነው ልብስ የሚያቀዘቅዘን በጨርቁና በገላችን መሀል ባለው ክፍተት ነው። ስንራመድ ልብሱ ይወዛወዛል፣ እንደ ወናፍ የሞቀውን አየር እያስወጣ የውጪውን ያስገባል፣ ላባችንም ይደርቃል። ክፍተቱ ከጠበበ የፈለጋችሁትን ያህል ጥሩ ጥጥ ብትገዙ ብብት ስር ይጣበቅባችኋል። ከበዛ ደግሞ ትከሻው ይወርዳል፣ አንገቱ ይከፈታል፣ ጎንበስ ባላችሁ ቁጥር ደረታችሁን በእጅ መያዝ ነው።

ነገሩ ወዲህ ነው፤ ፓተርን ማለት ጨርቁን የምንቆርጥበት፣ የልብሱ ክፍሎች በልክ የተሳሉበት ወረቀት ነው፣ ይህን ክፍተት ደግሞ ወረቀቱን በፖስታ አድርገው የሚሸጡት ፓተርን ቤቶች ቀድመው ወስነውላችኋል። ስንት እንደሆነ ግን ፖስታው ፊት ላይ በትልቁ አይጽፉትም። አብዛኛው ሰው የመጀመሪያ ልብሱን ሰፍቶ ሲለብስ "ለክቼ ነበር እኮ፣ እንዴት ይሄን ያህል ሰፋብኝ?" የሚለው ለዚህ ነው። መለካቱንማ ለክቷል። ያላየው ትርፉን ነው።

ትርፍ የምለው በእናንተ ልክና በተሰፋው ልብስ ልክ መሀል ያለውን ልዩነት ነው። ደረታችሁ 92 ሳንቲ ሜትር ሆኖ ያለቀው ሸሚዝ ደረቱ ላይ 108 ከሆነ ትርፉ 16 ነው። በቃ።

ትንሽ ወደ ኋላ ልመለስ፣ ብዙ አልቆይም። በ1863 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ማሳቹሴትስ ውስጥ ኤቤኔዘር በተሪክ የሚባል ልብስ ሰፊ በተለያየ ልክ የተዘጋጁ የወረቀት ፓተርኖችን መሸጥ ጀመረ። ከሱ በፊትም የወረቀት ፓተርን ነበር፣ ግን አብዛኛው ባንድ ልክ ብቻ ስለሚወጣ ማስፋቱና ማጥበቡ የገዢዋ ጣጣ ነበር። በ1870 ጄምስ ማኮል የሚባል ስኮትላንዳዊ ልብስ ሰፊ ኒው ዮርክ ላይ የራሱን ፓተርን ቤት ከፈተ። በ1927 ሲምፕሊሲቲ የሚባለው ፓተርን ቤት መጣ። በ1950 ደግሞ ጀርመን ኦፈንቡርግ ከተማ አነ ቡርዳ የምትባል ሴት የፋሽን መጽሔቷን ማሳተም ጀመረች። ዛሬ ደግሞ አንዲት ባለሙያ ብቻዋን ቤቷ ሆና የሳለችውን ፓተርን በኢንተርኔት ትሸጥላችኋለች።

ሁሉም የሚሠሩት ግን አንድ ነገር ነው። አንድ መካከለኛ ገላ ይመርጣሉ፣ ለሱ ይስላሉ፣ ከዚያ በሒሳብ ከፍ ዝቅ እያደረጉ ሌሎቹን ልኮች ያወጣሉ። ያ መካከለኛ ገላ የማንም አይደለም። ስለዚህ ፓተርኑ ልክክ ባይልላችሁ ገላችሁን አትውቀሱ፣ የተሳለው ለእናንተ አልነበረም።

አሁን ቁጥሮቹን እንያቸው። በትልልቆቹ የአሜሪካ ፓተርን ቤቶች የሴቶች ቁጥር 12 ማለት ደረት 87፣ ወገብ 67፣ ዳሌ 92 ሳንቲ ሜትር ነው። 14 ደግሞ 92፣ 71፣ 97። ይህ ሰንጠረዥ ከ1960ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ብዙም አልተነካም። የሱቅ ልብስ ቁጥር ግን ገዢን ለማስደሰት ባለፉት አሥርት ዓመታት እየወረደ መጥቷል። ስለዚህ እዚያው አገር ሱቅ ገብታ 8 ቁጥር የምትገዛ ሴት ፓተርን ላይ 14 ልትሆን ትችላለች። ቁጥሩን አይታ የምታኮርፍ ሰው አለች፣ አይቻለሁ። ማንም አያየውም እኮ! ወረቀቱ ላይ ነው ያለው፣ ልብሱ ላይ የሚለጠፍ አይደለም። ቡርዳ ደግሞ የአውሮፓን ቁጥር ይጠቀማል፣ 38 ቁጥሩ ደረት 88 ነው። የቁጥሩን ስም እርሱት፣ ሳንቲ ሜትሩን ብቻ ያዙ።

ከዚያ ሁለተኛውን ሰንጠረዥ ፈልጉ። አንዱ "የገላ ልክ" የሚል ነው፣ ሌላው "ያለቀው ልብስ ልክ" የሚል ነው። ይኸኛው አንዳንዴ ፖስታው ጀርባ ላይ ነው፣ አንዳንዴ ወረቀቱ ራሱ ላይ፣ ደረቱ አጠገብ፣ መስቀል ያለባት ክብ ምልክት ስር ትንሽ ሆኖ ይጻፋል። ለሙቀት ልብስ ከሁሉም የሚበልጥባችሁ መረጃ እሱ ነው። ከጠፋም ፓተርኑን ራሱን ለኩት፦ ፊቱን ለኩ፣ ጀርባውን ለኩ፣ የስፌት ህዳጉን (ከስፌቱ መስመር ውጭ የሚተርፈውን) ቀንሱ፣ ወረቀቱ የልብሱን ግማሽ ብቻ ከሆነ የያዘው እጥፍ አድርጉ።

በተሪክ፣ ማኮልና ቮግ የሚባሉት ፓተርን ቤቶች ትርፉን በቃል ይገልጹታል። ለቀሚስና ለሸሚዝ ደረት ላይ "ጥብቅ" ሲሉ እስከ 7 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። "ልክ የያዘ" ከ7.5 እስከ 10። "ከፊል ልክ የያዘ" ከ10 እስከ 12.5። "ሰፊ" የሚሉት ከ13 እስከ 20 ያህል። "በጣም ሰፊ" ከዚያ በላይ ነው። እኔ እጅጌ ለሌለው የሙቀት ቀሚስ ደረት ላይ ከ10 እስከ 14 ያለውን እወዳለሁ፣ እጅጌ ላለው ሸሚዝ እስከ 18 እሄዳለሁ። ከ20 በላይ የሚያምርበት ሰው አለ፣ ጨርቁ እንደ ቪስኮስ (ከእንጨት የሚሠራ ለስላሳ ጨርቅ ነው) የሚወርድ ዓይነት ከሆነ። ደረቅ ያለ ጥጥ ከሆነ ግን ተዉት።

እሺ፣ አሁን ዋናው ነገር ላይ ደረስን። አየር የፈለገ ሰው ምን ያደርጋል? አንድ ቁጥር ከፍ ይላል። "ሙቀት ስለሆነ ሰፋ ይበልልኝ" ብሎ 14 የሆነው 16 ወይም 18 ይቆርጣል። ይህ ትክክል አይደለም፣ ምክንያቱም ቁጥር ከፍ ስትሉ ደረቱ ብቻ አይደለም የሚሰፋው። ትከሻውም ይረዝማል፣ አንገቱም ይሰፋል፣ የክንድ መግቢያውም ወደ ታች ይወርዳል። ልብስ ገላ ላይ የሚቆመው ደግሞ በትከሻና በአንገት ነው። እዚያ ልኩን ካልያዘ ከታች ያለው ሁሉ ይንሸራተታል።

የክንድ መግቢያው ነገር ብዙ ሰው ይሸውዳል። ዝቅ ሲል ክንድ እንደልብ የሚንቀሳቀስ ይመስላል፣ እጅጌ ያለው ልብስ ላይ ግን ተቃራኒው ነው የሚሆነው። መግቢያው ብብት ድረስ ከፍ ያለ ሲሆን ክንዳችሁን ስታነሱ እጅጌው ብቻ ይነሳል። ዝቅ ሲል ግን ጎኑ ሁሉ አብሮ ይጎተታል፣ ሸሚዙ ከወገብ ይነሳል። እጅጌ በሌለው ላይ ደግሞ ዝቅ ያለ መግቢያ ጡት መያዣ ያሳያል፣ ሌላ ጥቅም የለውም።

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ። ሜትሩን በብብታችሁ ስር አሳልፋችሁ ከጡት በላይ ዙሪያውን ለኩ። ከዚያ ጡት ላይ፣ ሙሉ በሆነበት፣ ለኩ። ልዩነቱ ከ5 ሳንቲ ሜትር ብዙ የማይርቅ ከሆነ ሰንጠረዡን እንዳለ ተከተሉ፣ አብዛኛው ፓተርን ለዚያ ዓይነት ገላ ነው የተሳለው። ልዩነቱ ከዚያ ከበለጠ ግን የላይኛውን ልክ እንደ ደረት ልክ ቆጥራችሁ ቁጥር ምረጡ፣ ትከሻውና አንገቱ በዚያ ይያዛል። የጎደለውን ደረት ላይ ብቻ ትጨምራላችሁ፦ የፊቱን ወረቀት ጡት ጫፍ በሚያርፍበት ላይ ትቆርጡታላችሁ፣ የሚያስፈልገውን ያህል ትከፍቱታላችሁ፣ ከስር ወረቀት ትለጥፋላችሁ። ሲነገር ያስፈራል፣ እጅ ላይ ሲሆን ግን ግማሽ ሰዓት የማይሞላ ሥራ ነው።

ዳሌ ላይ ደግሞ ከዚህም ይቀላል። የዛሬ ፓተርን ብዙ ልኮችን አንድ ወረቀት ላይ ደራርቦ ያትማል። ከትከሻ እስከ ብብት በ12 መስመር ሂዱ፣ ከብብት ወደ ታች ቀስ እያላችሁ ወደ 16 ተሻገሩ። ማንም አይከለክላችሁም። አየር ብቻ ለመጨመር የፈለጋችሁም በዚሁ መንገድ ነው፦ ትከሻውን ሳትነኩ ጎኑን ከብብት ጀምሮ ወደ ታች እያሰፋችሁ አውርዱት። በእያንዳንዱ የጎን ጠርዝ 1 ሳንቲ ሜትር ብትጨምሩ ዙሪያው ላይ 4 ይሆናል፣ ምክንያቱም ጠርዞቹ አራት ናቸው። ይህን መርሳት ቀላል ነው።

ወንዶች፣ እናንተንም አልረሳኋችሁም። ሸሚዝ ላይ ኮሌታው አንገታችሁን፣ ትከሻው ትከሻችሁን ይያዝ፣ ሌላው ከዚያ በኋላ ነው። ቁምጣ ላይ ወገቡ ላስቲክ ስለሆነ ችግር የለም፣ የሚያስቸግረው መቀመጫው ነው። ወንበር ላይ ተቀምጣችሁ ከወገብ እስከ ወንበሩ በጎን በኩል ለኩ፣ ፓተርኑ ከዚያ ቢያንስ 2 ሳንቲ ሜትር ይብለጥ።

አሁን ጨርቅ። ጨርቅ ላይ ብዙ ሰው የሚያየው ቀለሙን ነው፣ እኔም ጭምር። ግን ወደ አይናችሁ አስጠግታችሁ ብርሃን አሳዩት፣ በሽመናው መሀል አየር ያልፋል? ሁለተኛ፣ ከምን ተሠራ? በተለመደ አየር ውስጥ ጥጥ ከክብደቱ 8 በመቶ ገደማ እርጥበት ይይዛል፣ ከተልባ እግር የሚሠራው ሊነን 12 ገደማ፣ ቪስኮስም ከዚያ አይርቅም። ፖሊስተር ግማሽ በመቶ እንኳ አይሞላም። ፖሊስተር ላይ ላቡ የሚሄድበት አጥቶ ቆዳችሁ ላይ የሚቀረው ለዚህ ነው። ስፖርት ልብስ ሌላ ጉዳይ ነው፣ ያ ሆን ተብሎ ተሠርቶ ነው። እኛ ግን በሜትር የምንገዛው ፖሊስተር እንዲያ አይደለም።

ለሸሚዝና ለቀሚስ በካሬ ሜትር ከ100 እስከ 150 ግራም ያለውን፣ ለሱሪና ለጉርድ እስከ 200 ያለውን ምረጡ። የሚያሳይ ስስ ጨርቅ ከወደዳችሁ ገበር ሊያስፈልግ ነው፣ ገበር ደግሞ አየሩን መልሶ ይዘጋዋል። እኔ ገበር ከማስገባት ጨርቁን ብቀይር ይሻለኛል።

ከመቁረጣችሁ በፊት እጠቡት። ይህን ስል ሁሌ የሚያዛጋ ሰው አለ። ሊነን ሲታጠብ ከ4 እስከ 10 በመቶ ሊገባ ይችላል። አሁን ሒሳቡን ሥሩ፦ 108 ሳንቲ ሜትር ደረት ላይ 5 በመቶ ቢገባ ከ5 ሳንቲ ሜትር በላይ ሄደ። ከምን ላይ ሄደ? ከገላችሁ አይደለም፣ ገላችሁ እዚያው ነው። የሄደው ከአየሩ ላይ ነው። ስለዚህ ልብሱን ወደፊት በምታጥቡበት መንገድ ጨርቁን አሁን እጠቡት፣ በሙቅ ከሆነ በሙቅ፣ ከዚያ ተኩሱት። ቪስኮስን ስታጥቡ አትጭመቁት፣ እርጥብ ሲሆን ይደክማል። ሊነን ተቃራኒው ነው፣ ሲርስ ይጠነክራል።

አቆራረጥ ላይ የምለው አንድ ነገር ነው። ፓተርኑ ላይ ረጅም ቀስት አለ። ያ ቀስት ከድሩ ጋር፣ ማለትም ከጨርቁ ዳርና ዳር ጠርዝ ጋር እኩል መሄድ አለበት። በአይን አትመኑ። ከቀስቱ አንደኛው ጫፍ እስከ ጨርቁ ጠርዝ ለኩ፣ ከሌላኛው ጫፍም ለኩ፣ እኩል እስኪሆን አዙሩት። ታጥባችሁ ስታወጡት አንዱ ጎን ወደ ፊት የሚዞር ቀሚስ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ድሩን ሳይጠብቅ የተቆረጠ ነው። ቪስኮስ ጠረጴዛ ላይ ስለሚንሸራተት ከስሩ ተራ ወረቀት አንጥፉና ወረቀቱንም ጨርቁንም አብራችሁ ቁረጡ። መቀሱ ይደንዛል ትሉኝ ይሆናል፣ አዎ ትንሽ፣ ይሳላል። ፓተርኑን ራሱን ደግሞ አትቁረጡት፣ ስስ ወረቀት ላይ ገልብጡት። ልካችሁ በሚቀጥለው ዓመት ሊለወጥ ይችላል።

የስፌት ህዳግ ላይ ተጠንቀቁ። የአሜሪካ ትልልቅ ቤቶች 1.5 ሳንቲ ሜትር አስገብተው ነው የሚስሉት። የቡርዳ መጽሔት ግን ህዳግ የለውም፣ ራሳችሁ ትጨምራላችሁ። በግል የሚሸጡት ብዙ ጊዜ 1 ሳንቲ ሜትር ነው። መመሪያውን ሳያነቡ መቁረጥ እዚህ ላይ ዋጋ ያስከፍላል።

ሙከራ ልስፋ ወይ ለምትሉ፣ በላስቲክ ለሚያዝ ጉርድ አያስፈልግም። ደረትና ክንድ ላለው ነገር ግን ከትከሻ እስከ ወገብ ያለውን ብቻ በአቡጀዲ ወይም ባረጀ አንሶላ ስፉና ልበሱት። ከዚያ መስታወት ፊት አትቁሙ። ተቀመጡ፣ ክንድ አንሱ፣ ጎንበስ በሉ፣ እጃችሁን ወደፊት ዘርጉ። ቆሞ የማይጠብ ልብስ ሲቀመጡ ይጠባል።

ስፌቱ ላይ ገበር ስለሌለ የውስጡ ጠርዝ ቆዳችሁን ይነካል፣ ስለዚህ ንጹሕ መሆን አለበት። የጨርቅ ጠርዝ የሚዘመዝም ኦቨርሎክ ማሽን የላችሁም? አያስፈልግም። የጨርቁን ውጪኛ ፊት ወደ ውጭ አድርጋችሁ፣ ጀርባ ለጀርባ፣ በ6 ሚሊ ሜትር ስፉ። ህዳጉን ወደ 3 ሚሊ ሜትር ከርክሙት። ገልብጡት፣ ተኩሱት፣ አሁን ፊት ለፊት አድርጋችሁ በ9 ሚሊ ሜትር ስፉ። የተቆረጠው ጠርዝ ውስጥ ተዘጋ፣ ድምሩም ያው 1.5 ሳንቲ ሜትር ነው። ለስስ ጥጥ መርፌ ቁጥር 70፣ ለመካከለኛ ሊነን ቁጥር 80፣ የስፌት ርዝመት ከ2 እስከ 2.5 ሚሊ ሜትር። ማሽኑ ከዘለለባችሁ መጀመሪያ መርፌውን ቀይሩ፣ ከዚያ በኋላ ነው ማሽኑን መሳደብ።

አንገትና ክንድ መግቢያ ላይ ፓተርኖቹ ብዙ ጊዜ ሰፊ የውስጥ ድራቢ ጨርቅ አስገቡ ይላሉ። እኔ አልወደውም። ማጠንከሪያ ይለጠፍበታል፣ ደረት ላይ ሁለተኛ ንብርብር ይሆናል፣ ሁለት ሰዓት ከለበሳችሁት በኋላ ደግሞ ወደ ውጭ ይገለበጣል። በሱ ፈንታ ከዚያው ጨርቅ በሰያፍ፣ ማለትም ከድሩ በ45 ዲግሪ፣ 3 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ቀጭን ቁራጭ አውጡና ጠርዙን በሱ ገልብጣችሁ ስፉ። ሰያፍ ስለሆነ ለክቡ ይታዘዝላችኋል። ከዚያ በፊት ግን አንገቱን እንደቆረጣችሁ ወዲያው፣ ሌላ ነገር ሳትነኩ፣ ዙሪያውን አንድ መስመር ስፌት አሳልፉበት። ካለበለዚያ ሲያዝ ሲለቀቅ ይለጠጣል፣ የተለጠጠ አንገት ደግሞ አይመለስም።

ካውያው ከማሽኑ አጠገብ ይሁን። አንድን ስፌት በሌላ ስፌት ከማቋረጣችሁ በፊት ተኩሱት። ብዙ አላብራራውም፣ አንዴ ሞክሩትና ታዩታላችሁ።

ከተጠየቅኩት ውስጥ ጥቂቱን ልጨምር።

"ከመግዛት ይረክሳል ወይ?" ተባልኩ። ሁልጊዜ አይደለም። ጥሩ ሊነን፣ ፓተርን፣ ክርና ጊዜ ሲደመር ከርካሽ የሱቅ ልብስ ሊበልጥ ይችላል። ከጥሩ ሊነን ልብስ ጋር ካነጻጸራችሁት ግን ያዋጣል፣ በተለይ አንዱን ፓተርን አስተካክላችሁ ደጋግማችሁ ስትሰፉበት።

"ለጀማሪ የተባለ ፓተርን ልግዛ?" እንደ ሁኔታው ነው። "ቀላል" ተብሎ የተጻፈበት ብዙ ጊዜ ቁርጥራጩ ትንሽ ነው ማለት ነው፣ ልኩ ይስማማችኋል ማለት አይደለም። እኔ ብሆን ዚፕ የሌለው፣ በአንገት የሚጠለቅ፣ እጅጌው ከአካሉ ጋር አብሮ የተቆረጠ ሸሚዝ እመርጣለሁ። ሁለት ቁራጭ ነው፣ ፊትና ጀርባ።

ከኮምፒውተር ስለሚታተመውም ተጠይቄያለሁ። ማተሚያው ላይ "ለገጹ አመቻች" የሚለውን አጥፉና 100 በመቶ አድርጉት። መጀመሪያ መለኪያ ካሬ ያለበትን ገጽ ብቻ አትሙና በማስመሪያ ለኩት። 5 ሳንቲ ሜትር መሆን የሚገባው 4.8 ከመጣ ሁሉም ነገር በ4 በመቶ አንሷል። ከደረቱ ላይ 4 ሳንቲ ሜትር ማተሚያው በላው ማለት ነው፣ እናንተ ግን ጨርቁ ገባ ብላችሁ ጨርቅ ሻጩን ትወቅሳላችሁ።

መጨረሻ ላይ አንዷ "ክብ ጉርድ ሰፍቼ ጫፉ ከፍና ዝቅ አለብኝ" አለችኝ። ክብ ጉርድ ላይ ጨርቁ ከፊሉ በድሩ፣ ከፊሉ በሰያፍ ይወርዳል፣ በሰያፍ ያለው ደግሞ በራሱ ክብደት ይረዝማል። ወገቡን ጨርሳችሁ አንድ ቀን ሙሉ መስቀያ ላይ ተዉት። ከዚያ ልበሱትና ሌላ ሰው ከወለሉ ጀምሮ በማስመሪያ እየለካ በጠመኔ ዙሪያውን ምልክት ያድርግላችሁ። የረዘመውን ቁረጡና ጠባብ አድርጋችሁ ቀምቅሙት፣ ክብ ላይ ሰፊ እጥፋት ይጨማደዳል።